ከልጆች ጋር ምንጭ የለኩት መምህርት በዛወርቅ ወንዳፈራሁ
ከ1959 – 2004 ዓ.ም.

መምህርት በዛወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ወንዳፈራሁ ወሰኔና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩሸዋ ወዳጆ ጥር 12 ቀን 1959 ዓ.ም. በመንዝ፣ ቀየት ተወለዱ። ትምህርታቸውን በቀየትና በደብረ ብርሃን ተከታትለው በ1979 ዓ.ም. መምህርት ሆኑ። በ1984 ዓ.ም. ከአቶ መኳንንት ኪዳነ ወልድ ጋር ጋብቻ መሥርተው ህሊናንና ናሁሰናይን ወልደዋል። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በግሼ፣ ራቤል ሳይንስ አስተማሩ።

በ2000 ዓ.ም. የአሥር ዓመቷ ተማሪያቸው ኮከቤ «ቲቸር፣ የሰፈራችን ምንጭ ለምን ቀነሰ?» ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንደማያውቁ ነግረዋት፣ ጄሪካንና የእጅ ሰዓታቸውን ሰጥተው እንድትለካ አደረጉ። ኮከቤና ጓደኞቿ ጄሪካኑ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ዓመት ሙሉ መዘገቡ። መጀመሪያ አራት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው አሥራ አንድ ደረሰ። በምንጩ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ያልተተከለበት የታችኛው ምንጭ ግን አልቀነሰም።

ባሕር ዛፉ አቶ መኳንንት ለቤት መሥሪያ ያሳደጉት ነበር። ኮከቤ ይህን ለመናገር ፈርታ ስታለቅስ፣ መምህርቷ ደብተሩን ወስደው ለባለቤታቸው አነበቡላቸው። አቶ መኳንንትም ከሳምንት በኋላ ዛፉን ቆረጡ፤ ጉቶውንም ነቀሉ። እንደ ድሮው ባይሆንም ውሃው ተመለሰ።

በ2003 ዓ.ም. ኮከቤ ጥናቷን በተማሪዎች ዐውደ ርእይ ስታቀርብ፣ አንድ ገምጋሚ «ይሄ የልጅ ሥራ አይደለም፤ የእርስዎ ነው» አሏቸው። መምህርት በዛወርቅም «እኔ ልውጣ፤ ብቻዋን ጠይቋት» ብለው ወጡ። አርባ ደቂቃ ያህል ደጅ ቆሙ። ሲመለሱ ገምጋሚው ተነሥተው ይቅርታ ጠየቋቸው።

ያን ጊዜ ጡታቸው ላይ እብጠት ነበር። ለማንም ሳይነግሩ፣ በልባቸው «ልጆቹ ያቅርቡና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» እያሉ አምስት ወር አሳለፉ። ሲከሱ አይተናል። ሥራ በዝቶባቸው ነው ብለን ዝም አልን፤ ይህ የእኛ የወንድሞቻቸው የዕድሜ ልክ ጸጸት ነው። አዲስ አበባ ሲደርሱ ሕመሙ ተሰራጭቶ ነበር። አንድ ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 21 ቀን 2004 ዓ.ም. በ45 ዓመታቸው ተለዩን።

ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ ወንድሞቻቸውና ዛሬ አስከሬናቸውን አጅበው የመጡት ተማሪዎቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። እናታችን ወ/ሮ ጥሩሸዋ ግን ቀየት አልጋ ላይ ስለሆኑ መርዶው አልተነገራቸውም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ ትመጣለች ብለው ቀን እየቆጠሩ ነው።

እግዚአብሔር የእኅታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። መርዶውን ይዘን እናታችን ዘንድ ስንቀርብም አንደበት ይስጠን። አሜን።