ጥቁሮቹ ንቦችሽ

እታለሜ፣ የኔ ቆንጆ፣

እንደምነሽ? ጤናሽስ? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ተወሽ ወይስ እንዳለ ነው? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ልጅሽ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። የፊት ጥርሶቿ እንደ አካፋ ሰፍተው ወጥተውላታል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን። እኔም አለሁ፤ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የሰው ዚፕ እቀይራለሁ፣ ዓይኔ ትንሽ ደከም አለ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈ። ሥራዬ ተደላድሏል፣ ሁለት ክፍል ቤት ይዣለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ ያልሽበት። መልስ ያጣሽው በንቦቹ ምክንያት ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? አታምኚኝም። አውቅሻለሁ፣ ይህን ስታነቢ ከንፈርሽን ነክሰሽ ይህቺ ልጅ ምን አስባ ነው ትያለሽ። ተይ እንግዲህ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝና ከዚያ ትቆጪኛለሽ።

ለሥራ ስትሄጂ ልጅሽንም ቀፎሽንም ነው ትተሽልኝ የሄድሽው። ቀፎው አሁንም ጣሪያው ላይ ነው። ልጅሽ ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሥሩ ባለው ክፍል አልጋው ላይ ጋደም እንላለን። ድምፃቸው በኮርኒሱ በኩል ይወርዳል። እሷ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትተኛለች፣ እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ አሸልባለሁ። መጋረጃው ቀስ ብሎ ገባ ወጣ ይላል፣ ቤቱ በሙሉ የሚተነፍስ ይመስለኛል። ከመንገዱ የሚመጣው ጫጫታ እንኳ ሩቅ አገር ይሆናል። ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ማን እንደሆንኩም ይጠፋኛል። አንዳንዴ ሚጣ ሳትነቃ እማዬ ትላለች። አንድ ቀን፣ አልዋሽሽም፣ ወዬ አልኳት።

ደብዳቤሽ በመጣ በሳምንቱ ከንቦችሽ አንዷ የዓይኗ ቆብ ላይ ነደፈቻት። ፊቷ ዳቦ አከለ። እሷ እቴ፣ መስታወት ፊት ቆማ ስትስቅ ዋለች። ያበድኩት እኔ ነኝ። በቃ፣ እነዚህ ጥቁሮች ከዚህ ቤት ይውጡ አልኩ። በሁለት ቀን ድና ረሳችው፤ እኔ ግን አልረሳሁትም፣ መርሳትም አልፈለግኩም።

ሰንብቼ ንብ አርቢውን አስጠራሁት። ሰፈሩ ቀስበሉ ነው የሚለው፤ ቀፎ አጠገብ የቆመውን ሁሉ ቀስ በሉ እያለ ይጮህበታል፣ የሚጮኸው ግን እሱ ብቻ ነው። ሦስት ዘር አማረጠኝ። ቢጫዎቹ ገር ናቸው፣ ሕፃን ቢነካካቸው ግድ የላቸውም፤ ግን በልተው አይጠግቡም፣ አበባ ሲጠፋ የጎረቤት ቀፎ ይዘርፋሉ አለኝ። ግራጫዎቹ ጨዋና ቆጣቢ ናቸው፣ ትንሽ ሲጠባቸው ግን ቤታቸውን ጥለው መሄድ ይወዳሉ አለ። መሄድማ በቅቶኛል አልኩት፣ ቆጣ ብዬ። ግራ ገብቶት አየኝ። ጥቁሮቹ ቁጡ ቢሆኑም ደመናም ብርድም አይበግራቸውም፣ ባለቻቸው ጥቂት ማር ይከርማሉ፣ እኔን ብትሰሚ አትንኪያቸው አለኝ። አልሰማሁትም። ቢጫዎቹን አልኩ።

አሠራሩን ሲነግረኝ አፌን ከፍቼ ነው ያዳመጥኩት። ለካ ቀፎው አይለወጥም፣ ንቦቹም አይባረሩም። የምትለወጠው ንግሥቷ ብቻ ናት። አሮጊቷን ፈልገሽ ትገድያለሽ፣ በማግስቱ አዲሷን አፉ በስኳር ሊጥ በተደፈነ ትንሽ ሳጥን ታስገቢያለሽ። ንቦቹ ሊጡን በልተው እስኪጨርሱ ሽታዋን ይለምዱታል፣ ከዚያ እናታችን ብለው ይቀበሏታል። በሁለት ወር ውስጥ የፊተኞቹ በዕድሜያቸው ያልቃሉ፣ ቤቱ በሙሉ የአዲሷ ልጆች ይሆናል። ጠብ የለ፣ ለቅሶ የለ። እታለሜ፣ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ደስታ እንደነበር አንቺው ድረሺበት።

ቀስበሉ ቢጫዋን ከነሳጥኗ ሰጥቶኝ ሄደ። በቀትር፣ ከአጎበር የሰፋሁትን መሸፈኛ ደፍቼ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ጭስ ሰጠኋቸው፣ የማር እንጀራው የተንጠለጠለባቸውን እንጨቶች አንድ በአንድ አነሳሁ። አገኘኋት። ልትሄጂ ስትዪ፣ እንዳትጠፋብኝ ብለሽ በክብሪት እንጨት ጀርባዋ ላይ ያደረግሽላት ቀይ የጥፍር ቀለም አሁንም አለ። ደብዝዟል፣ ግን አለ። በሁለት ጣቴ ያዝኳት። አንዴ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። ንቦቹ እጅጌዬ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ አንዷም አልነደፈችኝም። ፀሐዩ፣ ጭሱ፣ ያ ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆብኝ ከሰዓት በኋላው እንቅልፍ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ከታች ሚጣ እየዘፈነች ነበር። የንግሥቷ እግሮች ጣቴን ቧጠጡኝ፣ ብርታት የሌለው የአሮጊት መቧጠጥ። መልሼ አስቀመጥኳት።

አሁን ሳቂብኝ፦ በማግስቱ ቢጫዋንም አስገባኋት! ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሁለት እናት ቢኖራቸው ምናለበት፣ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ታግዛለች ብዬ እኮ ነው። ለቀስበሉ አሮጊቷ ሞታለች ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት።

በአራተኛው ቀን ቢጫዋ ቀፎው ደጃፍ ላይ ሞታ ተገኘች። ጥቁሮቹ ጎትተው አውጥተዋታል። ቀስበሉ መጥቶ አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮኸም። አሮጊቷን አልገደልሻትም አይደል አለኝ፣ ዝግ ብሎ። ያኔ እንባዬ መጣ። ምስኪን፣ ለንብ የማለቅስ መስሎት ሌላ አመጣልሻለሁ አይዞሽ ይለኛል። ይቅር፣ ጥቁሮቹ ይኑሩ አልኩት። አሮጊቷ እንኳ ብትደክም ከራሷ ልጆች አንዷን አሳድገው ያነግሣሉ አለኝ።

የዚያኑ ቀን ደብዳቤሽን ከልብስ ቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ አውጥቼ ለሚጣ አነበብኩላት። አዎ፣ ደብቄው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ልጅሽ እናቷ እንደምትመጣ ሳታውቅ ትምህርት ቤት ስትመላለስ እያየሁ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ። ልጄን እወስዳለሁ የሚለውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ፣ አንቺስ ከሰዓት በኋላ ከማን ጋር ትተኛለሽ አለችኝ። ልብስ ሰፊ ደግሞ መቼ ከሰዓት በኋላ ይተኛል፣ አንቺ ነሽ ሥራ ያስፈታሽኝ አልኳት። ሳቀች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት።

ነይ፣ እታለሜ። ትምህርት በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ ሳትዘገዪ ነይ። ንቦቹን እኔ እጠብቅልሻለሁ። ሚጣ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ብትሆንብሽ አትዘኚ፣ አታቻኩያት፤ ሽታሽን እስክትለምድ ብቻ ነው። ሲከፋት ስሟን ደጋግመሽ አትጥሪያት፣ ዝም ብለሽ አጠገቧ ቁጭ በይ።

ሁለት ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ። ጠርዛቸውን አራት ጣት ነው ያጠፍኩት፤ ስታድግ ትለቂላታለሽ። ስፌቱን ላላ አድርጌዋለሁ፣ መቀስ አያስፈልግሽም፣ የክሩን ጫፍ ይዘሽ ብትስቢው ይመጣል።

መንገድሽ የቀና ይሁን። አዲሱ ቤትሽ ሳቅ አይጥፋበት፣ ጉልበትሽም ይበርታልሽ፣ ልጅ ተሸክሞ ደረጃ ለመውጣት ይብቃ።

የልጅሽ አክስት