አልታጠፍ ያለችው ሰንጢ

ለምወድህ ለበኩር ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ይዞህ የነበረው ሕመም ለቀቀህ ወይስ ዝም ብለህ ትሸከመዋለህ? እህል ውሃ በሰዓቱ ትቀምሳለህ? ብርዱስ? የላክሁልህን ሹራብ ለብሰኸዋል ወይስ አሁንም ለክፉ ቀን ብለህ ሻንጣ ውስጥ ነው ያስቀመጥከው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮኻል እንጂ ሌላ የሚያስተኛ ነገር የለብኝም። እህትህ ደህና ናት። አጎትህም ደህና ነው፤ የእሱን ነገር ግን ወደ ታች እነግርሃለሁ፣ አትቸኩል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ዕቃው ደርሶኛል። ያ የሥራ ባልደረባህ ለእረፍት ሲመጣ እሑድ ከምሳ በኋላ ቤት ድረስ አመጣልኝ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ነው የሄደው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ጥቅሏ ትንሽ ናት፣ ስይዛት ግን ከበድ አለችኝ፤ የእጅ ሰዓት መሰለችኝ። እንዲያውም ለጎረቤታችን ለሬዲዮ ልጄ ሰዓት ላከልኝ ብዬ ነገርኳት። ሬዲዮን መቼም አትረሳትም፤ የሰማችውንም ያልሰማችውንም የምታወራዋ ናት። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየች ወረቀቱን ቀድጄ ብከፍተው፣ ልጄ፣ ሰንጢ! ክው አልኩ። ሬዲዮ ሰዓቱ የታለ እያለች እጄ ላይ ታፈጣለች።

አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ለእናት ሰንጢ ይላካል? ብዬ በልቤ ስቆጣ ቆይቼ ማስታወሻህን አነበብኩ። በላክሁልህ ፎቶ ላይ የፊት ጥርሴ እንደሌለ አይተህ አዝነሃል። ስፌት ቤታችን መቀሱ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም እንዳይጠፋ ተብሎ ከቆራጩ ጠረጴዛ ጋር በሲባጎ እንደታሰረ፣ እኛ ሴቶቹ የጭነት መኪና ሸራ የምንሰፋበትን ያን ወፍራም ናይለን ክር በጥርሳችን እንደምንበጥስ፣ ልጅ ሆነህ ምሳዬን ይዘህልኝ ስትመጣ ያየኸውን ሁሉ ለካ አልረሳኸውም። እዚህ ላይ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም። ከታች ግን አንዲት መስመር ጨምረሃል። እኔም እንደዚች ያለች አለችኝ፣ ካርቶን የምከፍትባት ናት፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ ጀምሮ እስክተኛ ድረስ ከኪሴ አትለይም ብለሃል። ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኳት። የእኔ ልጅ ሰንጢ በኪሱ ይዞ ይውላል? በሰው አገር? አውቶቡስ ላይ ስትጋፋ፣ ሰልፍ ላይ ሰው ሲቀድምህ፣ አንዱ ባለጌ ሲሰድብህ፣ ሁልጊዜ ኪስህ ውስጥ ናት?

እኛ ቤት ሰንጢ የሚባል ነገር ስሙ እንደማይነሣ ታውቃለህ። አጎትህ፣ ወንድሜ፣ አንተ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለህ የልጅነት ጓደኛውን በሰንጢ ወጋው፤ ጓደኛው ሞተ፣ እሱም አሥራ አራት ዓመት ታሰረ። የተፈታው አንተ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ ዛሬ እንዴት እንደሚኖር አላየህም። አምስት ዓመት ሙሉ ስለት በእጁ ነክቶ አያውቅም። ዳቦ በእጁ ይቆርሳል፣ ብርቱካን በጥፍሩ ይልጣል፣ ጸጉር አስተካካዩን ምላጩን ዞር አድርግልኝ ብሎ ይለምናል። ሥራው ችግኝ ጣቢያ ውሃ ማጠጣት ነው፤ ቅርንጫፍ የሚቆረጥበት ቀን ሲመጣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወደ ዳር ይሄዳል። እኔም ያለችኝን አንዲት የወጥ ቤት ቢላዋ ከዱቄት ጣሳው ጀርባ ደብቄ፣ እሱ ሲወጣ ነው ሽንኩርት የምከትፈው። ስትደውል ለምን አያናግረኝም ስትለኝ ሥራ ላይ ነው የምልህ ውሸቴን ነው። አንተን ስለሚያፍር ነው።

እሑድ ዕለት ሥራ ላይ መሆኑ በጀኝ፤ ችግኝ እሑድን አያውቅም። ቶሎ አይቼ ልደብቃት ብዬ አነሣኋት። እውነቱን ለመናገር ታምራለች። ጥቁር ናት፣ ከመሃል ጣቴ ትንሽ ብትረዝም ነው፣ ኪስ ላይ የምትንጠለጠልበት ማያዣ አላት። ከስለቷ ጎን አንዲት ጉብ ያለች ነገር አለች፤ ምን ትሆን ብዬ በአውራ ጣቴ ገፋ ባደርጋት ቀጭ ብላ ተከፍታ ፊቴ ተገተረች። ኡኡ ብዬ ወረወርኳት። የወለሉን ፕላስቲክ ሰንጥቃ ቀጥ ብላ ቆመች። ሬዲዮን ብታያት! በዚያ ሁሉ ክብደቷ፣ ደረጃ አልወጣም በሚሉት ጉልበቶቿ፣ አልጋዬ ላይ ወጥታ ነው ያገኘኋት።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አልታጠፍ አለች። እኛ የምናውቀው ሰንጢ ጀርባውን ገፋ ስታደርገው እጥፍ ይላል። ይቺ ወይ ፍንክች። በጠረጴዛው ጠርዝ ብገፋት እምቢ፣ ዘይት ባጠጣት እምቢ። ሬዲዮ አልጋው ላይ እንደቆመች በመዶሻ በያት ትለኛለች። አብራት የመጣች ሥዕል ያለባት ወረቀት ነበረች፤ ትዝ ስትለኝ ለካ የፈሰሰውን ዘይት ጠርጌባት ጥያታለሁ። ተሰብራ የመጣች መሰለኝና፣ ሰኞ ጠዋት ለስፌት ቤቱ ቆራጭ ላሳየው ብዬ እንደተከፈተች በፎጣ ጠቅልዬ ይዣት ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሲገፋኝ ፎጣው ተንሸራተተ። አበስኩ ገበርኩ! ቲኬት ቆራጩ እጁን አንሥቶ፣ እናቴ ሂሳቡን ተዉት፣ ብቻ በሰላም ይውረዱ አለኝ። ልጄ ነው የላከልኝ እላለሁ፣ ሰዉ የባሰ ይሸሻል። በዚህ ዕድሜዬ ወንበር የሚለቅልኝ አጥቼ የኖርኩ ሴትዮ ያን ቀን አግዳሚውን ሙሉ ለብቻዬ ይዤ ሄድኩ።

ስፌት ቤት ስደርስ ቆራጩ መነጽሩን አድርጎ አገላበጣት። እስቲ ብሎ ጫፏን ድርብ ሸራ ላይ ቢያሳርፋት ሸራው ተርትሮ ሄደ። የታሰረውን መቀሱን አየት አደረገው፤ አሳዘነኝ። ሊያጥፋት ሲታገል ግን ጣቱን ለጥቂት ሳታሳጣው ተረፈ፣ ይዘሽልኝ ጥፊ አለኝ። ከሥራ ስመለስ ያው እንደተከፈተች ይዣት ገባሁና፣ በዳቦ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከዚያች ሦስት ጎማ ካላት የእንጨት መኪናህ አጠገብ ሰቀልኳት። አጎትህ እዚያ እጁን አይዘረጋም ብዬ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ገብቼ ባልዲዬን ይዤ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። አጎትህ መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ የዳቦው ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፣ ሰንጢዋ እጁ ላይ ናት። ዳቦ ፈልጎ ነው ያወረደው። ባልዲው ከእጄ ወደቀ። ውሃው ወለሉን ሞላው፣ ሁለታችንም ልብ አላልነውም። ወደ ብርሃኑ አዞራት፣ በእጀታዋ ስንጥቅ ውስጥ አጮልቆ አየ፣ እዚያ ውስጥ ያለችውን ስስ ብረት በአውራ ጣቱ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ በቀስታ አጥፎ ዘጋት። ለካ መቆለፊያ አላት! ያን ሁሉ ሰው ያስጨነቀችን ነገር!

የማን ናት አለኝ። ምን ላድርግ፣ መዋሸት አልቻልኩም። ልጄ ነው የላከልኝ፣ እሱም እንደሷ ያለች በኪሱ ይይዛል አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለምን ይይዛታል አለኝ። ለካርቶን ነው ይላል አልኩት። ሰንጢዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እኔም እኮ ለሰው ብዬ አልያዝኳትም ነበር እትዬ አለኝ።

ልጄ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማውቀው አንድ ነገር ነው። ዳኛውም ያሉት እሱን ነው፤ አስቦበት፣ ሰንጢውን ይዞ ሊወጋው ሄደ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁትን ወንድሜን፣ እስር ቤት ምግብ እያመላለስኩለት፣ ፊቱን እያየሁ በሆዴ እፈርድበት ነበር። ጠይቄው አላውቅም፣ ነግሮኝም አያውቅም። ማክሰኞ ነገረኝ። ያን ቀን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያቺን የእንጨት መኪና ይሠራልህ ነበር። ሦስቱን ጎማዎች ገጥሞ አራተኛዋን መጥረብ ሲጀምር ሚስማር እንዳለቀበት አየ። አንተ አሁኑኑ ካላለቀች ብለህ ታለቅሳለህ። መጣሁ ማሙሽ፣ ሚስማር ገዝቼ መጣሁ ብሎህ ተነሣ። ሰንጢዋን አጥፎ ኪሱ ከተታት፤ አንተ እንዳትነካት ብሎ ብቻ ነው። ሱቁ አጠገብ ፑል ቤት አለ። ጓደኛው በር ላይ ሆኖ ቀለደበት፣ ቀልዱ ስድብ ሆነ፣ ስድቡ ግፊያ ሆነ። በጥፊ የሚያልቅ ጠብ ነበር አለኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ አገኛት እንጂ እኔ መያዜንም ረስቼው ነበር አለኝ። ኪሴ ባዶ ቢሆን ኖሮ እኮ እትዬ፣ ይኼን ጊዜ ሁለታችንም ሸብተን እንበሻሸቅ ነበር አለኝ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ለምን ለዳኛው አልነገርካቸውም ብለው፣ የስድስት ዓመት ልጅ ፍርድ ቤት ላስጠራ? አለኝ። ይህን የምጽፍልህ አንተን ለማሳዘን አይደለም። ልጅ መጫወቻው እንዲያልቅለት ያለቅሳል፣ ሌላ ምን ሥራ አለው? ምንም ነገር ወደ ራስህ እንዳትወስድ፤ እሱም ይኼን አጥብቀሽ ጻፊለት ብሎኛል። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ወንድሜን አንድ ቀን ምን ሆነህ ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም። እዚያው ውሃው ውስጥ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ትናንት ከሥራ ሲመለስ ከችግኝ ሣጥን የተረፈ እንጨት ይዞ መጣ። ሰንጢዋን ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት። ደጃፍ ላይ፣ ያኔ በተቀመጠበት ቦታ ቁጭ ብሎ መጥረብ ጀመረ። እጁ ረስቷል፤ አንዱን አበላሽቶ ጣለው። ሁለተኛዋ ወጣችለት፣ ግን ከሦስቱ ትንሽ ትበልጣለች፤ ብትገጠም መኪናህ ሰካራም መምሰሏ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስማር አለን ወይ አለኝ። የለንም። ሬዲዮን ልጠይቃት ብለው፣ አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምሄደው አለ። ተነሣ፣ ሰንጢዋን አጥፎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ሁለቱንም ኪሶቹን ወደ ውጭ ገልብጦ አሳየኝና ሄደ። ሱቁ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፑል ቤቱ ዛሬም እዚያው ነው። እኔ በሩን ይዤ መንገድ መንገዱን ሳይ ቆየሁ፣ ሬዲዮ እንኳ አጠገቤ መጥታ ምንም ሳትናገር ቆመች።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ጣላት አልልህም። እኔም የእኔን አልጥላትም፤ ዛሬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ሆና ስትሠራልኝ ዋለች፣ የቀሩት ጥርሶቼም አረፉ፣ ሴቶቹ ሁሉ ተራ ይዘው ነው የሚዋሱኝ። ከሥራ ስወጣ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌባት ነው የወጣሁት። አንተም የሥራ ቦታህ ተዋት። እኔ ጨዋ ነኝ፣ ከሰው አልጣላም እንዳትለኝ፤ አጎትህ ከአንተ የበለጠ ዝምተኛ ነበር። ይህን ስታነብ የት ነህ? ክፍልህ ነህ ወይስ መንገድ ላይ? እስቲ ኪስህን ዳስስ። እዚያ ካለች ነገ ሥራ ይዘሃት ግባና እዚያው ትተሃት ና። አድርጌዋለሁ ብለህ እስክትጽፍልኝ ድረስ እንቅልፍ የለኝም።

ሬዲዮ ሰላም ብላሃለች፤ ለእሷ ግን እባክህ እውነተኛ ሰዓት ላክላት ብላለች። ቆራጩ ሰላም ብሎሃል፣ መቀሱን ሲባጎውን ፈቶለታል፤ ሰንጢዋን ካየ ወዲህ ማን ይሰርቀዋል ብሎ ነው። እህትህ ትምህርት ቤቷ ናት፣ ቅዳሜ ስትመጣ ራሷ ትጽፍልሃለች፤ እስከዚያው በእሷ ፈንታ እኔ ሁለት ጊዜ ስሜሃለሁ።

አጎትህም ሰላም ብሎሃል። ከተፈታ ጀምሮ ለአንተ የላከው የመጀመሪያ ሰላምታ ነው። ትናንት በሩ ላይ እንደቆምኩ ከሱቅ ሲመለስ፣ ገና ከሩቅ እጁን ከፍ አድርጎ እያሳየኝ መጣ። ምን ብዬ ልጻፍለት ስለው ሌላ ምንም አልጨመረም፦ ማሙሽ፣ ሚስማሩን ይዤ መጥቻለሁ በይው።

የምትወድህ እናትህ

ከቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን