የምሳ ሰዓታችንን አንሰጥም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ወሎ ከለላ ላሉት፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ አባባ! ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ማሽላው ወፍ ሳይጨርሰው ደረሰላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ፤ የኮምቦልቻን ሙቀትም ለምጄዋለሁ።

የአጎቴ ልጅ በሺር መልእክትዎን አድርሶልኛል። «ፋብሪካው ውስጥ ሴቶቹን አሳምፃ ተባረረች አሉ፤ ሄዳ ይቅርታ ትጠይቅ» ብለዋል አሉ። ያልደወልኩት ንቄ አይደለም፤ ድምፅዎን ከሰማሁ እሺ ማለቴ ስለማይቀር ነው። እሺ ማለት ደግሞ አልፈልግም። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ ልጻፍልዎ። እህቴ መርየም ታንብብልዎ፤ አንዲት ቃል እንዳትዘል።

እኛ በአንድ መስመር ተደርድረን ሱሪ የምንሰፋ አርባ ሦስት ሴቶች ነን። የፋብሪካው ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የምሳ ዕረፍት ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ይላል። ክረምት ላይ ግን ትልቅ የሱሪ ትእዛዝ መጣ ተባለና የመስመራችን ኃላፊ ወንድምአገኘሁ ሃያ ደቂቃ አደረገው። አባባ፣ አሥሩ ደቂቃ ምግብ ለመቀበል ስንሰለፍ ያልቃል። መጸዳጃ ቤቱም ሰልፍ ነው። ሙስሊሞቹ ወይ ዙህር እንሰግዳለን ወይ እንበላለን፤ ሁለቱ አይደርስልንም። ስንቱን ቀን ሰግጄ፣ ምሳዬን ሳልነካ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመልሻለሁ።

ከአጠገቤ የምትሰፋ ሰርካዲስ የምትባል የሐይቅ ልጅ አለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ተራ ሳይደርሳት ደወሉ ተደወለና ሳትበላ ተመለሰች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኗ ጨለመና መኪናው ላይ ተደፋች። መርፌው አውራ ጣቷን በጥፍሯ በኩል በሳው። መኪናውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወንድምአገኘሁ ሮጦ መጣና መጀመሪያ ያነሳው ደም የነካውን ሱሪ ነው። «ይሄ ተበላሸ» አለ። ወላሂ አባባ፣ እንዲህ ነው ያለው።

በማግስቱ ሃያው ደቂቃ አልቆ ሲደወል ከወንበሬ አልተነሳሁም። ማላመጤንም አላቆምኩም። አጠገቤ ያሉት አዩኝና እነሱም ቀሩ። ከዚያ ወዲያ የተነሳ ሰው የለም። ወንድምአገኘሁ «የጀመረችው ማናት?» ብሎ ጮኸ። ዝም ብል ሁላችንም ልንቀጣ ነው። ቆምኩና «እኔ ነኝ። ደንባችሁ ሰባት ሰዓት ይላል፤ ሰባት ሲሆን እንነሳለን» አልኩት። ከዚያ ተቀምጬ ምሳዬን ጨረስኩ።

የዚያኑ ዕለት ለአንድ ሳምንት ታገድኩ። አልተባረርኩም፤ የነገረዎት ሰው ጨምሮበታል። ቤት አኩርፌ አልተኛሁም። ደሴ ወጥቼ ፒያሳ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጬ ነገሩን ሁሉ አስጻፍኩ። መጀመሪያ የፈረመችው ሰርካዲስ ናት፤ ጣቷ በፋሻ እንደታሰረ። ከዚያ መስመሩ በሙሉ ፈረመ። እኔ በሌለሁበትም ልጆቹ በየቀኑ እስከ ሰባት ሰዓት ተቀምጠው በሉ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። «ይቅርታ ጠይቀሽ እዚህ ላይ ፈርሚ፣ ትመለሻለሽ» አለኝ። «ሰው በመርፌ ያስወጋ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ምሳዋን የበላች ትጠይቅ?» አልኩትና ማመልከቻውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ሁለት ጊዜ አነበበውና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ረቡዕ ጠዋት አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የምሳ ዕረፍት ለሁሉም መስመር አንድ ሰዓት። እኔን ግን ከስፌት አንስተው ከተሰፋው ሱሪ ትርፍ ክር የሚለቀምበት ጠረጴዛ ላይ አደረጉኝ። ከፍ ያለው ሥራ ቀረብኝ። ይቅር።

እርስዎ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ አሳድገውኛል። አይቀየሙኝ አባባ፣ እኔ አራት ወር ዝም ብዬ ነቅዣለሁ። እርስዎ ራስዎ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቀንበር አውርደው በሬዎቹን ጥላ ያስይዛሉ። ጎረቤት «ገና ነው እኮ» ቢልዎት «በሬዬን አልገድልም» ነው መልስዎ። ታዲያ ልጅዎ ከበሬ ታንሳለች? ይቅርታ አልጠይቅም። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ ዱዓዎን ግን አይንፈጉኝ።

መርየም የእማዬን ጉልበት ትሳምልኝ። ለወንድሜ ለሀፊዝ፣ ስታነብ ለደከመችው ለመርየም፣ ለአክስቴ ከይሪያና ለቤተሰቧ ሰላምታዬ ይድረስ። ሰርካዲስም ሰላም ብላችኋለች፤ ጣቷ እየዳነ ነው፣ ሆዷም ደህና ነው። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ደግሞ የሻይ ዕረፍታቸው ተወስዶባቸዋል። ነገ ምሳ ላይ መጥተሽ ምከሪን ብለውኛል። እሄዳለሁ።

ልጅዎ ፋኢዛ
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.