ሁለቱም እኩል ናቸው

እሑድ፣ መስከረም 6 ቀን 1988

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ከጉባኤ መልስ ኢተፋ ከነቤተሰቡ እኛ ዘንድ ምሳ በላ። ሚስቴ ዋጋዬ ዓሣ ጠብሳ ነበር። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ከእንግሊዝ የመጡላቸውን ብሮሹሮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው። አሥራ አንድ ናቸው።

የኔዋ አይዳና የሱ ልጅ ኤሊ አንድ ክፍል ናቸው። የዘንድሮ ተመራቂዎች። ሁለቱም ኬሚስትሪ ነው የሚሉት፣ ሁለቱም እዚያው እንግሊዝ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ።

ለኢተፋ ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ከሃያ በላይ ኮሌጆች አሉ። ተማሪው የሚያድረው፣ የሚበላው፣ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ የሚማረው በኮሌጁ ነው። ማመልከቻው ላይ የአንዱን ስም ትጽፋለህ። የሚፈትንህ፣ የሚቀበልህም እሱ ነው።

"እንደ ቀበሌ በለኛ" አለ ኢተፋ።

"ቀበሌ አልጋና ቁርስ ሰጥቶህ ያውቃል?" አለች ሚስቱ እታለም።

ሲሄድ በሩ ላይ፣ "በቄ፣ አንተ አንብብና ለሁለቱም ምረጥላቸው። እኔ ይሄን እንግሊዝኛ አልችለውም" አለኝ። ልማዳችን ነው። አዲስ አበባ እኔ ዘጋቢ፣ እሱ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሳለን ጽሑፌን ከአዘጋጁ ቀጥሎ የሚያነበው እሱ ነበር። ስህተቴን ሳይናገር ያርምልኝ ነበር። በሱዳን አብረን ወጣን። እዚህ ኦስሎም ከኔ አመሩድ እስከሱ ሮመን ሦስት ፌርማታ ነው... እሱ ትራም ይነዳል፣ እኔ ሲክየም፣ መጦሪያ ቤት ውስጥ አረጋውያን አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። የደብዳቤ ነገር ሲመጣ ግን አሁንም ወደኔ ነው።

ብሮሹሮቹ እኔ ዘንድ ቀሩ።


ማክሰኞ፣ መስከረም 15

የዕረፍት ቀኔ። ከጧት ጀምሮ አነበብኩ። እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ባዶ ወረቀት። እንዲህ ከሠራሁ ስንት ዓመቴ?

የትምህርት ቤታቸው አማካሪ አንድ ነገር ነግራቸዋለች። ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች ለአንድ ትምህርት ወደ አንድ ኮሌጅ ባያመለክቱ ይሻላል። ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው የሚያወዳድሯቸው። ስለዚህ ሁለት ኮሌጅ ያስፈልገኛል።

ሁለት ቀረ። አንደኛው ወንዝ ዳር ነው፤ "ወንዙ" ብዬዋለሁ። ሌላው በትልቅ አጥር የታጠረ ነው፤ "ግንቡ"። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ። ቤተ መጻሕፍታቸው ተቀራራቢ። ሁለቱም ለሦስቱም ዓመት መኝታ ይሰጣሉ። ከሁለቱም ብሮሹር ጀርባ ሠንጠረዥ አለ። ባለፈው ዓመት በኬሚስትሪ ወንዙ ከሃያ ሁለት አመልካች ዘጠኝ ተቀበለ። ግንቡ ከሃያ አንድ ሦስት።

አይዳን ወደ ወንዙ። ኤሊን ወደ ግንቡ።

ኤሊ በሒሳብ ከአይዳ ትበልጣለች። ከሦስቱ አንዷ ለመሆን አያቅታትም። አይዳ ደግሞ ሰው ፊት ስትፈተን ድምጿ ይጠፋል... እንዲህ ነው ያሰብኩት። ትክክል አይደለም?


እሑድ፣ መስከረም 20

ኢተፋ ከነኤሊ መጣ። የመረጥኩትን ነገርኳቸው። ኤሊ የግንቡን ፎቶግራፍ አገላብጣ አየችና፣ "እስር ቤት ይመስላል ጋሼ በቃሉ" አለች።

"እስረኞቹ ጥሩ ይበላሉ" አልኳት። ሳቀች።

ኢተፋ ግን ወደኔ ዞረ። "ሁለቱም እኩል ናቸው?"

"እኩል ናቸው" አልኩት።

በስም እኩል ናቸው። በዕድሜም። ስለ ቁጥሩ አልጠየቀኝም። አይዳ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥ ነበር።


ዓርብ፣ መስከረም 25

የአይዳን ፎርም አነበብኩላት። ሁለት ቦታ አረምኩ። የወንዙን ስም በትልልቅ ፊደል ጽፋዋለች። ትምህርት ቤቱ የሁሉንም ሰብስቦ ይልካል፤ የመጨረሻው ቀን በፈረንጅ ኦክቶበር 15፣ 1995 ነው።

ኤሊም የሷን አስገብታለች አለች አይዳ። "ላይላት ነበር እኮ" አልኩ። "ናይ፣ ራሷ ሠራችው" አለችኝ ኖርዌጂኛ ቀላቅላ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ለአይዳ ደብዳቤ መጣ። ለቃለ መጠይቅ ጠርተዋታል! ዋጋዬ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበበችኝ፣ ቀኑን ልብ በሉ እያለች።

ሮመን ደወልኩ። እታለም አነሳች። ኤሊስ ተጠራች ወይ አልኳት።

"እሱ ገና... ጊዜው ሲደርስ ትሰማላችሁ" አለች።

እታለምን አውቃታለሁ። ገና የወረቀት ጉዳያችን ሳያልቅ ሱዳን እያለን፣ ለኢተፋ ቪዛ እንደመጣለት እንኳ ለጎረቤት ያልተናገረች ሴት ናት። ያላለቀ ነገር ከአፏ አይወጣም። ዓይን ትፈራለች። ግን እኛ ጎረቤት ነን እንዴ? ለአሥራ አምስት ዓመት?

አልተጠራች ይሆናል። ያፈረች መሰለኝ። ሁለተኛ አልጠይቅም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ፎርነቡ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። አይዳን ልሸኝ ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ከፊታችን ሦስት ሰው አልፎ ኢተፋና ኤሊ ቆመዋል።

ኤሊ እጇ ላይ ክፍት አቃፊ ነበረ። የላይኛው ወረቀት ጫፍ ላይ ያለውን ምልክት ከሩቅ ለየሁት። የአይዳ ደብዳቤ ላይም አለ። የወንዙ ነው።

ኢተፋ አየኝ። "በቄ" አለ ብቻ።

"ወንዙ ነው?" አልኩት።

"ነው።"

"መቼ ቀየራችሁ?"

"በኋላ እንነጋገራለን" አለኝ። ሰው ፊት ነው፤ ልጆች ፊት ነው። ልክ ነው። አይዳ ምንም አላለችም። ደንግጣ ይሆናል። ኤሊን ሳመቻት፣ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጫ ያዙ። ሌላ ምን ታደርግ?

በቴባነን፣ በከተማው ባቡር፣ ስመለስ ግን ደጋግሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ለሁለት ወር ቤቴ ገብቶ ይወጣል፣ ምሳዬን ይበላል፣ ስለ ግንቡ ስናወራ አንገቱን ይነቀንቃል።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

ልጆቹ ማክሰኞ ተመለሱ። አይዳ "ደህና ነበር" አለች እንጂ አልዘረዘረችም።

ዛሬ የጌታ እራት ነበር። የኖርዌጂያኖቹን ቤተ ክርስቲያን እንደወትሮው ተውሰን። እንጀራውን በሰሃን ይዞ በየረድፉ የሚያልፈው ተረኛ ነው፤ ዛሬ የኢተፋ ተራ ነበር።

እኛ ረድፍ ደረሰ። ዋጋዬ ወሰደች። አይዳ ወሰደች። ወደኔ አቀረበው።

አልወሰድኩም።

ቆመ። ከሚገባው በላይ ቆመ። ከዚያ አለፈ። ከወንድም ጋር ተጣልቶ አይበላም፤ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም አወቀ። የፈለግኩት እሱን ነበር? ... አዎ። እሱን ነበር።

ቤት ስንገባ ዋጋዬ፣ "ኢተፋ ምን አደረገህ?" አለች።

"ከዳኝ።"

"በምን?"

ስነግራት ድንች መላጥ ጀመረች።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ከሥራ ወጥቼ አመሩድ ጣቢያ ስደርስ ኢተፋ የትራም ነጂ ጃኬቱን እንደለበሰ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በረዶ እየጣለ ነው። ስንት ሰዓት እንደጠበቀ አልጠየቅኩም።

"ቁጭ በል" አለኝ።

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"እሺ ቁም። ምን አደረግኩህ?"

"ተማምነን መደብን። ደብቀህ ቀየርክ። አይዳ ላይ ተፎካካሪ ላክህባት።"

"እታለም ያላለቀ ነገር አይወራም አለች። አንተ ደግሞ እታለምን ታውቃለህ። እኔ መናገር ነበረብኝ፤ እሱ ጥፋቴ ነው። ይቅርታ።" ጓንቱን አወለቀ። "አንድ ልጠይቅህ። ግንቡ ስንት እንደሚቀበል ታውቅ ነበር?"

ባቡር መጣ። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ተዘጋ።

"ማነው የነገረህ?" አልኩት።

"እሱን አትጠይቀኝ። ቃል ገብቻለሁ።" ተነሣ። "አንተ እኩል ናቸው ስትለኝ አልተጠራጠርኩም በቄ። አንድም ቀን አንተን ተጠራጥሬ አላውቅም።"

በቀጣዩ ባቡር ሄደ።

ብሮሹሩ እኔ ዘንድ ነበር። ማን አሳየው? አማካሪዋ ትሆናለች። ወይም ኤሊ ራሷ ደብዳቤ ጽፋ ሌላ አስልካ። ያም ሆነ ይህ እኔን መጠየቅ ይችል ነበር። መጠየቅ ሲችል ከጀርባዬ ሄደ። ስለ ቁጥሩ አልዋሸሁም፤ አልተናገርኩም ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25

መልስ መጣ። አይዳን አልተቀበሏትም። አራት መስመር። "ከፍተኛ ፉክክር" የሚል አለበት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። አይዳ አነሳች። ሰማች፣ ሰማች፣ ከዚያ "ኦ ኤሊ" አለችና ሳቀች። ከልቧ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ኤሊ ገብታለች።

ስልኩን እንደዘጋች፣ "ቦታሽን ወሰደችው" አልኳት። ሳልፈልግ ነው ያልኩት... ሳልፈልግ ነው?

ቆማ አየችኝ። ዋጋዬ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

"ባባ፣ እኔ ነኝ የነገርኳት" አለች አይዳ።

"ምኑን?"

"ቁጥሩን። ዘጠኝና ሦስት። አንተ ጋሼ ኢተፋን እኩል ናቸው ስትለው እዚያው ነበርኩ። ብሮሹሩ ጀርባው ተገልብጦ አጠገቤ ነበር። ከሥሩ በእርሳስ አስምረህበታል።"

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ለምን አልነገርሽኝም ያልኩ ይመስለኛል።

"ብነግርህ ታስቆመን ነበር። ሁለታችንም ወንዙን እንሙላ አልኳት። ዘጠኝ ቦታ ነው፣ ለሁለት ይበቃል ብለን። እሷማ እምቢ ብላኝ ነበር፤ ጋሼ በቃሉ ይቀየመናል ብላ። እኔ ነኝ ያስገደድኳት።" ድምጿ አልጠፋም። "ለጋሼ ኢተፋም አስምዬዋለሁ፣ እኔ እንደነገርኳቸው እንዳይናገር።"

"ልጄ ላንቺ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ ለኔ ብለህ እንደሆነ። እኔ ጠየቅኩህ?"

ክፍሏ ገባች። በሩን በቀስታ ዘጋችው። ድው አድርጋ ብትዘጋው ይሻል ነበር።

ዋጋዬን አየኋት። "አንቺም ታውቂ ነበር?"

"የለም" አለች። "ግን ድሮም አንድ ነገር ደብቀህ ስታወራ ድምፅህ ይረጋጋል" አለች።

በሦስት ወር ውስጥ ስንት ሰው ከዳኝ? ስቆጥር ዋልኩ። ኢተፋ። እታለም። ኤሊ። ልጄ። ዝርዝሩ ላይ ሌላ ስም እንዳለ አውቃለሁ። ገና አልጻፍኩትም።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26

ጻፍኩት። በቃሉ።


እሑድ፣ ጥር 26

ሮመን ሄድኩ። ሳልደውል። ኢተፋ በቲሸርት በሩን ከፈተ። እታለም የኤሊን የመግቢያ ደብዳቤ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ በመስተዋት። አሁን አልቋልና።

መግቢያው ላይ እንደቆምኩ ነገርኩት። "ቁጥሩን አውቅ ነበር። ሦስት እንደሆነ አውቄ ነው ለኤሊ የሰጠሁት።"

"አውቃለሁ" አለ።

"አውቃለሁ አትበለኝ። ስማኝ።"

"ሰማሁህ። ጫማህን አውልቅና ግባ፣ ወለሉ ታጥቧል።"

ገባሁ። ኤሊ ሻይ አመጣችልኝ። ልክ እንደ ድሮው "ጋሼ በቃሉ" አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ኢተፋ በአንድ ነገር ብቻ አዘነብኝ። "እኔ ያንተን ስህተት ማንም ሳያይ አርም ነበር" አለ። "ብትጠይቀኝ እኮ አይዳን ወደ ወንዙ ላካት እልህ ነበር። ኤሊ ትችላለች እልህ ነበር።"

ይሄኛውን ለማንም አልነገርኩም። ለዋጋዬም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 26

አይዳ የኖርዌይን ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ እየሞላች ነው። ላይልሽ አልኳት። "ታክ ባባ፣ ጨርሻለሁ" ብላ አመሰገነችኝ። ገና ግማሹ ባዶ ነበር።


እሑድ፣ ሐምሌ 14

ሞቃት ቀን። ከጉባኤ ስንወጣ ኢተፋ ግቢው ውስጥ መጥቶ ጨበጠኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

"እንኳን ደስ አለህ። የትሮንድሃይም ዩኒቨርሲቲ ማለት ቀላል አይደለም። አይዳ ኢንጂነር ልትሆን ነው።"

መልስ የሚወጣው በዚህ ሳምንት መሆኑን አውቅ ነበር። ኦስሎን የመጀመሪያ ምርጫዋ አድርጋ እንደሞላች ነበር የመሰለኝ። ኬሚስትሪም መስሎኝ ነበር።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን" አልኩት። "አዎ፣ ደስ ብሎናል።"

ኢተፋ ፊቴን አየው። ከዚያ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረ፤ ትራሙ ውስጥ ሰው መቀቀሉን፣ በመስኮት የሚጨቃጨቁ አሮጊቶችን። ረጅም አወራ። እኔም ነቀነቅኩ።

ቤት ስገባ አይዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ መጻሕፍት በካርቶን ታደርጋለች።

"ትሮንድሃይም ነው አሉ" አልኳት።

"ያ፣ አዎ። ዓርብ ሰማሁ።"

"ጎበዝ።" ከልቤ ነው። "መኖሪያስ? የተማሪ ቤቶቹ ብዙ ናቸው መሰለኝ፣ ይለያያሉ። የትኛውን..."

"አግኝቻለሁ ባባ።"

"የትኛው ነው?"

"ጥሩ ነው" አለች። ካርቶኑን ዘጋች፣ ፕላስተር ለጠፈችበት፣ በወፍራም እስክሪብቶ ስሟን ጻፈችበት። አድራሻውን አልጻፈችም። ቆሜ ጠበቅኩ። ሌላ ካርቶን ሳበች።

ካርቶኖቹን ወደ ኮሪደሩ ላውጣልሽ ወይ አልኳት። አውጣልኝ አለችኝ።