ለአባባ የመሰከሩት ሰው

ይድረስ ለወንድሜ ለዒምራን አህመዲን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሲሚንቶ እየተሸከምክ ደህና ነኝ ትለናለህ? እንቅልፍስ ታገኛለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር አፊያ ነን። ይህን በስልክ ልነግርህ ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት። ስለዚህ ጽፌ ወደ ጅዳ ለምትመለሰው ለአሚራ ሰጠኋት፤ ከረመዳን በፊት አደርስልሻለሁ ብላኛለች።

ነገሩ የአባባ እግር ነው። ከጦርነቱ ጀምሮ ጭናቸው ውስጥ የቀረው ብረት እንደገና መግል ቋጥሯል። የደሴው ሐኪም ቶሎ ካልወጣ እግሩ ይቆረጣል ብሏል። ወረዳው ደግሞ ለቀድሞ ወታደሮችና ታጋዮች ሕክምና ከበጀቱ ይመደብ ወይስ አይመደብ ብሎ ባለፈው ማክሰኞ ሕዝቡን በየቅሬው፣ በየእድሩ ጠራ። መታወቂያ ያለው ይመዝገብ፣ የሌለው የሚያውቀው ሰው ያስመስክር ተባለ። የአባባን የወታደር መታወቂያ መንግሥት የተለወጠ ጊዜ እቴቴ ለባሏ ፈርታ ግድግዳው ውስጥ አስገብታ በጭቃ ለስናበት ነበር። ቆፍረን ብናወጣው እርጥበት ጨርሶት ስሙም ፎቶውም አይለይም። እቴቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በጀቱን አጥብቀው የተቃወሙት የቅሬያችን ጸሐፊ ጋሽ ንጉሡ ናቸው። ጠመንጃ ለያዘ ሁሉ ከሚመደብ፣ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ ለአምቡላንሱም ነዳጅ ይገዛበት አሉ። ልጃቸው የሻለም ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስትመጣ ሕፃኑ መንገድ ላይ መሞቱን ስለምናውቅ ብዙ ሰው ልክ ነው አለ። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። ምላሴን ታውቃታለህ፣ አታርፍም፤ ተነሥቼ እርስዎም ታጋይ ነበሩ፣ የራስዎ እግር ቢሆን እንዲህ ይሉ ነበር ወይ አልኳቸው። እኔም አልመዘገብም ብለው ተቀመጡ። አፈርኩ፣ ግን ንዴቴ አልበረደም።

የአባባ ስም ተጠርቶ ምስክር ሲጠየቁ የለኝም አሉ፤ አብረዋቸው የነበሩት አልቀዋል። ያኔ ጋሽ ንጉሡ እንደገና ተነሡ። ለአህመዲን ወታደርነት ምስክሩ እኔ ነኝ፣ ጭኑን የመታሁትም የማረክሁትም እኔ ነኝ አሉ። የአባባን ቁስል በራሳቸው ነጠላ አስረው፣ ግማሽ ቀን ተሸክመው ለሐኪም እንዳደረሷቸው ተናገሩ። ሱብሐነላህ! ሰላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአንድ ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አብረው ሲቀብሩ፣ አንዱ ሲቆፍር ሌላው አፈር ሲያወጣ አባባም ጋሽ ንጉሡም ይህን ያውቁ ነበር። እቴቴ እንኳ አልሰማችም። ሰው ይህን ያህል ነገር በሆዱ ይዞ ከጎረቤቱ ጋር እየተሳሳቀ እንዴት ይኖራል?

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። ድምፅ ሲሰጥ ጋሽ ንጉሡ እጃቸውን ያወጡት ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነው። የመሰከርኩት እውነት ስለሆነ ነው፣ በጀቱ ግን ለእናቶች ይገባ ነበር አሉ። አባባ ሳቁ፤ ያኔም እንዲህ ግትር ነበር አሉ። ሐሳቡ በጥቂት እጅ ብልጫ አለፈ፣ አባባም ተመዘገቡ። ማን ልክ እንደሆነ ብትጠይቀኝ ዛሬ አላውቅም፤ የሻለምን ገበያ ሳያት አይኗን ማየት ያቅተኛል።

እቴቴ ዱዓዋ አይለይህም፣ ግንባርህን ስማሃለች። ባለቤቴ ሱሌማን ሰላም ብሎሃል። ልጄ ሰልሰቢል ቁርኣኗ አሥረኛው ጁዝ ደርሷል፣ ለአጎቴ ንገሪልኝ ብላለች። አባባ አይዞህ ይሉሃል። ሐሙስ ደሴ ይገባሉ፤ ሐኪም ቤት አብሯቸው የሚያድር ወንድ ያስፈልጋል ሲባል ጋሽ ንጉሡ ማንንም ሳይጠይቁ ልብሳቸውን አሳጥበው አስቀምጠዋል። አንተ በሌለህበት አልጋው ሥር የሚተኙት እሳቸው ናቸውና፣ ዱዓ ስታደርግ ስማቸውን ከአባባ ስም ቀጥለህ ጥራ።

እህትህ ሱሀይላ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.