የክርስትና ስሞቹ የነበሩበት ዲስክ

ይድረስ ለእህቴ ለትዝታ፣ ጅግጅጋ።

እንደምን ሰነበትሽ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገሽ? የባለቤትሽ የዮናስ ወገብ ተሻለው? ልጆቹስ ጾሙን እንዴት ያዙት? እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። በጤናዬ አትስጊ፤ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በእጄ የምጽፍልሽ ኮምፒውተሩ ባዶ ቀፎ ሆኖ ስለተቀመጠ ነው። ዲስኩን ፈትቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። በስልክ አፍሬ የቆራረጥኩትንም በሙሉ ልንገርሽ።

በጥቅምት «ዊንዶውስ አስር ከእንግዲህ ጠባቂ የለውም፣ ማሽንህ ደግሞ አዲሱን አይችልም፣ ወደ ሊኑክስ ተሻገር» ብለሽ መክረሽኝ ነበር። «ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያን የሚባለውን ያዝ፤ ፕሮግራሞቹ ቆየት ያሉ ናቸው፣ ግን ዓመት ከዓመት አያስቸግርህም» አልሽኝ። እኔ ግን የሀብሩ ሰው ነኝ። ከሲሪንቃ እርሻ ምርምር አዲስ የማሽላ ዘር ወጣ ሲባል ተጋፍቼ መውሰድ እንጂ የቆየ ዘር መዝራት አላውቅም። የቆየውን የመረጥሽልኝ ንቀሽኝ መሰለኝና በየስድስት ወሩ የሚታደሰውን ሌላውን ሊኑክስ ጫንኩ። ፋይሎቹን በፍላሽ አውጥቼ መለስኳቸው፤ ፍላሹንም ለሥራ ስፈልገው ባዶ አደረግሁት። ማመልከቻ ሊያስጽፍ ለመጣው ሁሉ «እዩልኝ» ስል ከረምኩ።

በጥር መጨረሻ አድስ አለኝ፣ አደስኩት። ከዚያ ወዲያ ጥቁር መስኮት ብቻ ሆነ። ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙ ሙስዐብ «ጋሼ ዳምጠው፣ እህትዎ እያለች ከብረት ጋር ምን ያታግልዎታል? ይደውሉላት» አለኝ። አልደወልኩም። ታናሼን ልክ ነበርሽ ማለት ሞት መሰለኝ። እንደገና ልጫነው ብዬ ገባሁ። ዲስኩን በሙሉ ላጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አማትቤ እሺ አልኩት። ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ማማተቤ ነው።

ነፍሷን ይማረውና ሚስቴ ደስታነሽ ከጦርነቱ በኋላ ከመርሳ እስከ ግራና ቤት ለቤት ዞራ የሰበሰበችው የሟቾች የክርስትና ስም እዚያ ውስጥ ነበር። ሰው በሰፈር የሚጠራው በዓለም ስሙ ነው፤ ካህን በጸሎት የሚያነሳበትን ስም እናት ካልተናገረች ማን ያውቀዋል? ከፋሲካ በኋላ መታሰቢያ ሊደረግላቸው ነውና መምሬ ዝርዝሩን ሲጠይቁኝ «አለ» አልኳቸው። በጾም መግቢያ ዋሸኋቸው። እንዳይታወቅብኝም በዚያው ዲስክ ላይ ሦስት ሳምንት እንደ ወትሮው ማመልከቻ ስጽፍ ቆየሁ። በመጨረሻ ደወልኩልሽ፤ አንቺ በስልክ «ላዩ ላይ በጻፍክ ቁጥር ከሥር ያለው ይጠፋል» ስትዪኝ ማሽኑን አጥፍቼ ዲስኩን ፈታሁት።

አሁን ለመምሬ ተናዝዤ በደስታነሽ መንገድ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። አንዷ እናት በራፏ ላይ ቆማ «ለሚስትህ አንዴ አልቅሼ ነግሬያታለሁ፤ ደግሞ ላንተ ላልቅስ?» አለችኝ። ስሙን ግን ነገረችኝ። ግራና ስደርስ የእትዬ ይመናሹ ቤት ተዘግቷል። አምና አርፈዋል። አንድያ ልጃቸው አበጀ በጦርነቱ የሞተ ነው፤ የክርስትና አባቱም የሉም፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። መምሬ «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ያውቀዋል። ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።

ትዝታዬ፣ ሁሉን አውጪልኝ አልልሽም። የቀረውን እየለመንኩም እየተሰደብኩም እሰበስበዋለሁ። የአበጀን ስም ብቻ ፈልጊልኝ። ካላገኘሽው ዲስኩን አትመልሺልኝ።

ለዮናስ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቋን ልጅሽን ህሊናን በርቺ በያት። ትንሿን እየሩሳሌምን አጎትሽ ስሞሻል ብለሽ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ዳምጠው
መርሳ፣ መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.