ከቢሮ ወደ በረት

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ለቀቅኩ። ማመልከቻውን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሰዓዳ፣ ይህን ወንበር ስንት ሰው እንደሚመኘው ታውቂያለሽ? ከላም ጭራ ሥር ልትውዪ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሳቀ። «ወር አይሞላሽም፣ ትመለሻለሽ።»

ዘጠኝ ዓመት። የእንስሳት ጤና ተምሬ ስቀጠር ገጠር ለገጠር እየዞርኩ አክም ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። ያለፉትን አራት ዓመታት ግን ከሚሴ ቢሮ ተቀምጬ ሪፖርት ስጽፍ ከረምኩ። ያልነካኋቸውን ከብቶች «ታክመዋል» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ሥራውን ሊረሳው ነው።

ያለኝ ዕቃ፦ ቦቲ ጫማ፣ እስከ ትከሻ የሚደርስ ጓንት፣ ገመድ፣ የሙቀት መለኪያ፣ መርፌዎች፣ የግል ፈቃዴ። ጨፋ ሮቢት መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ፈርቻለሁ። ግን ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ማንም አልመጣም። ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው «ሐኪምኒ ሂን ጅሩ?» አሉ፤ ሐኪሙ የለም ወይ ማለታቸው ነው። «አለሁ አባባ፣ ሐኪሟ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አይ፣ ወንዱን ነው» ብለው ሄዱ። የቱን ወንድ?

ቤት ስደርስ ጎረቤታችን «የዓመት ፈቃድ እንዴት ነው?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የነገራት ባሌ ጀማል ነው። መምህር ነው፣ ሰው ፊት ማፈር አይወድም። ለምን ዋሸህ ስለው፣ «ካልሆነልሽ መመለሻ እንዲኖርሽ ነው» አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ልስላሴው ነው ያናደደኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

አልሐምዱሊላህ! ዛሬ የገበያ ቀን ነው። አንድ ሰውዬ እየሮጠ መጣ። ላሙ ከሌሊት ጀምሮ እያማጠች ነው፣ ጥጃው አልወጣ ብሏል። ወንድ ሐኪም አጥቶ እንደመጣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ይሁን። ሄድኩ። የጥጃው አንገት ወደ ኋላ ታጥፏል። እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ፈለግኩ፣ አፍንጫውን አገኘሁት። ጣቴን ጠባኝ። በሕይወት አለ! ጭንቅላቱን አቃንቼ፣ እግሮቹን በገመድ አስሬ፣ ከሷ ምጥ ጋር አብሬ ሳብኩ። ወጣ። አስነጠሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰውዬው «ሐኪማችን» አለኝ።

ጀማል ሲያየኝ «እጅጌሽ ደም በደም ነው፤ ልጆቹ ሳያዩሽ ውጭ ታጠቢ» አለ። ውጭ ታጠብኩ። እያንጎራጎርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

በሬ ገደልኩ።

እንድሪስ የሚባል ገበሬ የትናንቱን ጥጃ ሰምቶ ጠራኝ። ያለው ሁለት በሬ ነው፤ ውቂያ ደርሶበታል፤ አንደኛው ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል። ሴት ሐኪም ለማየት የመጣ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። መድኃኒቱ በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ እያረፈ ነው የሚገባው። ይህን ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰው ሲያየኝ ግን ቀልጣፋ ልምሰል ብዬ ባንድ ትንፋሽ ገፋሁት። የበሬው ጉልበት ከዳው። ወደቀ። ጎረቤት ቢላዋ ይዞ «ቢስሚላህ» ብሎ ሳይደርስበት ሞተ። ሥጋው እንኳ ለማንም አልሆነም።

እንድሪስ አልጮኸም። ጭንቅላቱን አቅፎ በስሙ ጠራው። «ጉራቻ። ጉራቻ፣ ተነስ።»

ሰዉ ምን ሆኖ ነው አለኝ። «በሽታው ጸንቶበት ነበር» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ወሬው ከሚሴ ገብቷል። ኃላፊው ደወለልኝ። «አይዞሽ። የገበሬው ሚስት ጠዋት ለበሬው ያቆጠቆጠ ማሽላ አብልታዋለች አሉ። እሱ ከብት ይገድላል። በማሽላ ተመርዞ ሞተ ብዬ በማኅተም እጽፍልሻለሁ። አንቺም ሰኞ ወንበርሽ ላይ ትገኛለሽ። ማመልከቻሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ እቀደዋለሁ።»

ጀማል ሲሰማ ሁለት እጄን ያዘኝ። «አላህ አወጣሽ» አለኝ። እጄን ከያዘኝ ስንት ጊዜው ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይህን ሰማሁ። የማሽላው ወሬ እንድሪስ ጆሮ ደርሷል። ሚስቱን ፋጡማን «በሬዬን ገደልሽው» ብሎ ሰው ፊት በዱላ መታት፤ ወደ አባቷ ቤት ሰደዳት። ነገ ሽማግሌ የሚቀመጠው እንድሪስ እፈታታለሁ ስላለ ነው። የኔ ስም አልተነሣም።

መጀመሪያ ያሰብኩት «ተገላገልኩ» ብዬ ነው። እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ለጀማል ሳልነግረው ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ መስጊዱ አጠገብ ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ፋጡማ ከአባቷ ኋላ ናት፤ ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። «ማሽላው አይደለም። እኔ ነኝ። መርፌውን ፈጥኜ ወጋሁት» አልኩ።

ሼሁ «ወላሂ በዪ» አሉኝ። ወላሂ አልኩ። እንድሪስ ሊመታኝ ተነሣ፣ ያዙት። «ሐሙስ ለታ ምላስሽ የት ነበር?» አለኝ።

ፍርዱ፦ በሬ በበሬ። ፋጡማ ወደ ቤቷ ትግባ። እንድሪስ ግን «አውፉ በይኝ» ብሎ ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ጠይቃት ያለው ሽማግሌም የለም።

ስወጣ ፋጡማ መንገዱ ላይ ጠበቀችኝ። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። ወላሂ፣ እንዲያ ነው የመሰለኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ ታውቂ ነበር» አለችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ሄደች።

እሑድ፣ ኅዳር 13

እኔ በሬ የለኝም። እናቴ አንድ ወይፈን አላት፣ ወንድሜ ሰይድ ገና ቀንበር እያለማመደው ያለ። ሰይድ ነገሩን ሲሰማ ማሽላ ቆረጣ ብሎ ወጣ፤ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። እማ ራሷ ፈታችው። ገመዱን ለእንድሪስ ስታቀብለው «ልጄ የገደለችውን ነው የምከፍልህ» አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሰፈር ወሬ እንደምትነግረው ነው ያለችው።

ጀማል ኃላፊው ጋ ደውሎ ለመነልኝ። አልላክሁትም። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። «ለቀቅኩ ማለት የምትወድ ከሆነ ምን ላድርጋት» ብሎ ኃላፊው ሳቀ አለኝ። ጀማል ሲያወራኝ እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

ከሰኞ ጀምሮ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ባዶ። ዛሬ ገበያው ሞልቶ ሳለ አንዲት ሴት የምታነክስ ፍየል እየጎተተች መጣች፤ ደጄ ጋ ስትደርስ ወደ ማዶ ተሻገረች። «ሐኪማችን» ያለኝ ሰውዬም አለፈ። ሰላም አላለኝም። አንዱ ባለ ባጃጅ ተሳፋሪ ሊያስቅ «አራጇ እዚህ ናት» አለ። እነሱም ሳቁለት። እኔ ደግሞ ሞኝ፣ አርጄ ቢሆን ኖሮ ሥጋው ይበላ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ነገ ክፍሏን ላስረክብ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

ቁልፉን ላስረክብ ስወጣ አንድ የአፋር ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመዋል። ለሳር ብለው ከብቶቻቸውን ይዘው ከቆላ የመጡ ናቸው። «በሬ ገደልኩ ብለሽ የማልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ላም አለችኝ። ከወለደች ሦስት ቀኗ ነው፣ መነሣት አቃታት። ሌሎቹ ሐኪሞች አትድንም ብለው ትተዋት ሄዱ።»

ደረቴ ሞቀ። እውነት በመናገሬ አምነውኝ የመጡ መሰለኝ። ጠየቅኳቸው፤ ለምን እኔ ጋ?

«ብትገድያትም ሟች ናት» አሉ።

ሄድኩ። ምን እመርጣለሁ? ሣሩ ውስጥ ተዘርግታለች፣ ጆሮዋ በረዶ ነው። ወልዳ ካልሲየም አጥሯታል፤ በደም ሥር ሰጠኋት። አንድ እጄን ልቧ ላይ አድርጌ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌውም ሶላት ላይ ነበሩ። ጉልበቴ ደነዘዘ። ሲያበቃ አልተነሣችም። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንገቷን ቀና አድርጋ ጥጃዋን ላሰችው። ከዚያ መልሳ ተኛች። ሽማግሌው አንድ ቅል ወተት ሰጡኝ። ከሌላ ላም ነው። ነገ እንድመለስ ነገሩኝ።

ጀማል በሩን ሲከፍትልኝ «ሞተች?» አለ።

«አልሞተችም።»

«እስካሁን» አለ።

አዎ፣ እስካሁን። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ።